በአንድ የኤክሴል ሴል ውስጥ ከአንድ በላይ መረጃ ማሳየት፦ ድምሩን ሳያበላሹ

በሰፈራችን እድር ጸሐፊ ሆኜ በተመረጥኩበት ዓመት የክፍያ መዝገቡን ከደብተር ወደ ኤክሴል ያዛወርኩት እኔ ነበርኩ። በደብተሩ ላይ እንደለመድነው፣ በእያንዳንዱ አባል ስም ትይዩ ባለው ሴል ውስጥ «200 ብር፣ ጥር 12» እያልኩ መጠኑንና ቀኑን አንድ ላይ ጻፍኩ። ለዓይን ግልጽ ነበር፤ ታትሞ ሲለጠፍም ለማንበብ የተቸገረ ሰው አልነበረም። የዓመቱ ሒሳብ ሊዘጋ ሲል ግን በኮምፒውተሩ የወጣው ድምር ገንዘብ ያዡ በእጁ ካለው ገንዘብ በብዙ አንሶ ተገኘ። ምክንያቱን ፍለጋ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጀብን። ለካስ ኤክሴል ቁጥር ብቻ የተጻፈባቸውን ሴሎች እየደመረ፣ ቁጥርና ቃል የተቀላቀለባቸውን ሁሉ እንደ ጽሑፍ ቆጥሮ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ዘሏቸው ኖሯል።

ሴል የሚይዘው ነገርና ሴል የሚያሳየው ነገር የተለያዩ መሆናቸውን በደንብ የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። መረጃ ሲመዘገብ በአንድ ሴል አንድ ነገር ብቻ መያዝ አለበት፤ ሁለትና ሦስት ነገር አንድ ላይ ሆኖ እንዲታይ የሚደረገው በማሳያው በኩል ነው። ይህ መመሪያ የሚያሳየው የማሳያውን ሥራ ነው፤ ምሳሌዬም የማውቀው የእድር መዝገብ ነው። በሱቅ የዱቤ መዝገብ፣ በዕቁብ ወይም በተማሪዎች ውጤት ላይ የሚሠራ ሰውም አሠራሩን እንዳለ ሊጠቀምበት ይችላል።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ስለ አጻጻፌ አንድ ማሳሰቢያ ልስጥ። ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያልኩ የምጽፋቸው በኪቦርድዎ ላይ ያሉትን የእንግሊዝኛ ፊደላት ነው፤ የፎርሙላዎቹን ስም፣ ለምሳሌ «ቴክስት» ወይም «ቻር» የሚለውንም፣ እንደሚነበብ ጽፌዋለሁና እርስዎ በእንግሊዝኛ ይጻፉት። በጥቅስ ምልክት ውስጥ ያለው ጽሑፍ ግን በአማርኛ እንዳለ ይገባል። የጥቅስ ምልክቱ ቀጥ ያለው (") መሆን አለበት፤ ከዎርድ የተገለበጠ የተጣመመ ጥቅስም ሆነ የእኛው «» አያገለግልም። በፎርሙላው ውስጥ ክፍሎችን የሚለየውም የእንግሊዝኛው ኮማ እንጂ ነጠላ ሰረዝ (፣) አይደለም። በጀርመን ወይም በጣሊያን አገር አቀማመጥ በተስተካከለ ኮምፒውተር ላይ የሚሠሩ አንባቢዎች በኮማው ፈንታ ሴሚኮለን (;) መጻፍ ይኖርባቸዋል። የአማርኛ ኪቦርድ የሚጠቀም ሰው ፎርሙላው አልሠራ ሲለው በመጀመሪያ ሊመለከት የሚገባው እነዚህን ምልክቶች ነው።

መዝገቡን በትክክል ማዘጋጀት

በአዲስ ሺት የመጀመሪያ ረድፍ ላይ ርእሶቹን በዚህ ቅደም ተከተል ይጻፉ፦ በኤ የአባል ቁጥር፣ በቢ ስም፣ በሲ የአባት ስም፣ በዲ የአያት ስም፣ በኢ ወር፣ በኤፍ ቀን፣ በጂ ዓመት፣ በኤች የተከፈለ ብር። ከሁለተኛው ረድፍ ጀምሮ አንድ ክፍያ አንድ ረድፍ ይይዛል። በኤች ዓምድ ውስጥ ቁጥር ብቻ ይግባ፤ «ብር» የሚለው ቃል በእጅ አይጻፍበት።

ቀኑን በሦስት ዓምድ መክፈል ድካም የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ኤክሴል የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ነው፤ 13 ወር ያለው ዓመት አያውቅም። ጳጉሜን 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ለማለት «5/13/2017» ብለው ቢጽፉ፣ በአሜሪካ አቀማመጥ የተስተካከለ ኮምፒውተር ወሩን አስቀድሞ ስለሚያነብ እ.ኤ.አ. ሜይ 13 ቀን 2017 አድርጎ ይመዘግበዋል። የካቲት 30 ለማለት «30/6/2017» ሲጻፍ ደግሞ ያው ኮምፒውተር 30ኛ ወር ስለማያገኝ እንደ ጽሑፍ ይተወዋል። በአንድ ዓምድ ውስጥ ግማሹ የተሳሳተ ቀን፣ ግማሹ ተራ ጽሑፍ የሆነ መዝገብ በኋላ ማቃናት እጅግ አድካሚ ነው። ስለዚህ ወሩ በስሙ፣ ቀኑና ዓመቱ በቁጥር ለየብቻ ይግቡ።

የወሩን ስም በየጊዜው በእጅ ከመጻፍ ይልቅ ከዝርዝር የሚመረጥ ማድረግን አጥብቄ እመክራለሁ። የኢ ዓምድን ይምረጡ፤ «ዴታ» በሚለው ሜኑ ውስጥ «ዴታ ቫሊዴሽን» የሚለውን ይክፈቱና «ሊስት» ብለው 13ቱን ወራት ቀድመው የጻፉበትን ቦታ ያመልክቱት። ለእኛ «ኅዳር»፣ «ህዳር» እና «ሕዳር» አንድ ወር ናቸው፤ ለኤክሴል ግን ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ «ሐምሌ» እና «ሃምሌ»ም እንዲሁ። ሦስት ሰው በሚሞላው መዝገብ ውስጥ ይህ ልዩነት መግባቱ አይቀርም፤ ከገባ በኋላም በወር ለይቶ መፈለግ የማይቻል ይሆናል።

ስሞቹን በአንድ ሴል ማገናኘት

የማገናኛው ምልክት & ነው፤ በአብዛኛው ኪቦርድ ላይ ሺፍትና 7ን አብረው ሲጫኑ ይገኛል። በአይ ዓምድ ሁለተኛ ረድፍ ላይ የሚከተለውን ይጻፉና ኢንተር ይጫኑ፦

=ቢ2&" "&ሲ2&" "&ዲ2

በሁለቱ ጥቅሶች መካከል ያለው ባዶ ቦታ ስሞቹን የሚለያይ ነው፤ ቢረሳ «አልማዝተሰማበቀለ» ሆኖ ይወጣል። ይህ ፎርሙላ ሦስቱም ስሞች ሲሟሉ ጥሩ ይሠራል። የአያት ስም ያልተመዘገበለት አባል ሲመጣ ግን በመጨረሻ የማይታይ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ ያ ባዶ ቦታ በዓይን ባይታይም በኋላ ስም ከስም ጋር ሲመሳከር «አንድ አይደለም» ያሰኛል። ኤክሴል 2019 ወይም ከዚያ በኋላ የወጣ ያለው ሰው በዚህ ይተካው፦

=ቴክስትጆይን(" ",ትሩ,ቢ2:ዲ2)

በቅንፉ ውስጥ የመጀመሪያው መለያው ነው፤ «ትሩ» የሚለው ባዶ ሴል ሲያጋጥም ዝለለው ማለት ነው፤ ሦስተኛው ከየት እስከ የት እንደሚገናኝ ያመለክታል። አሮጌ ኤክሴል ያለው ሰው የመጀመሪያውን ፎርሙላ ከእኩል ምልክቱ በኋላ «ትሪም» ብሎ በቅንፍ ውስጥ ቢያስገባው ትርፍ ባዶ ቦታዎቹ ይወገዳሉ።

ኢንተር ሲጫኑ ስሙ በመታየት ፈንታ ፎርሙላው ራሱ ሴሉ ላይ ተጽፎ ከቀረ፣ ሴሉ ቀድሞ «ቴክስት» ተብሎ ተሰይሟል ማለት ነው። ይህ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ በጽሑፍነት ከተሰየመ ዓምድ፣ ለምሳሌ ከስልክ ቁጥር ዓምድ አጠገብ አዲስ ዓምድ ሲጨመር ነው። የሴሉን ዓይነት ወደ «ጄነራል» ይቀይሩ፤ ከዚያም ሴሉን ሁለት ጊዜ ክሊክ አድርገው እንደገና ኢንተር ይጫኑ።

ገንዘቡንና ቀኑን በሁለት መስመር ማሳየት

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። በጄ ዓምድ ላይ የተከፈለው መጠን ከላይ፣ የተከፈለበት ቀን ከሥር ሆኖ እንዲታይ እንፈልጋለን። መጀመሪያ ቀኑን ብቻ ይሞክሩት፦

=ኢ2&" "&ኤፍ2&" ቀን "&ጂ2&" ዓ.ም."

ይህ «ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.» የሚል ንባብ ይሰጣል። ገንዘቡን ስንጨምር ግን አንድ እንከን ይመጣል፤ በኤች ሴል ላይ 1,250.00 ሆኖ የሚታየው ቁጥር በ& ሲገናኝ ኮማውንና ሳንቲሙን ጥሎ 1250 ሆኖ ይወጣል። & የሚወስደው ሴሉ የያዘውን እንጂ ያሳየውን ስላልሆነ ነው። የፈረንጅ ቀን በሚይዝ መዝገብ ላይ ነገሩ ይብሳል፤ ኤክሴል ቀንን ከ1900 ጀምሮ በተቆጠረ ተከታታይ ቁጥር ስለሚይዘው፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2025 በ& ሲገናኝ 45658 ሆኖ ብቅ ይላል። የሁለቱም መድኃኒት «ቴክስት» የተባለው ፎርሙላ ነው፤ ቁጥሩን በምንፈልገው መልክ ወደ ጽሑፍ ይለውጥልናል። ለገንዘብ መልኩ "#,##0.00" ነው። ለፈረንጅ ቀን በጥቅስ ውስጥ ዲን ሁለት ጊዜ፣ ኤምን ሁለት ጊዜ፣ ዋይን አራት ጊዜ በእዝባር (/) እየለዩ ይጽፋሉ።

ሁለተኛው መስመር የሚጀምርበትን ቦታ የሚያመለክተው ቻር(10) ነው። ክፍያ ያልፈጸመ አባልም ስላለ፣ ባዶ ሆኖ ከመቅረት «አልተከፈለም» እንዲል በ«ኢፍ» እንጀምረዋለን። ሙሉው ይህን ይመስላል፦

=ኢፍ(ኤች2="","አልተከፈለም",ቴክስት(ኤች2,"#,##0.00")&" ብር"&ቻር(10)&ኢ2&" "&ኤፍ2&" ቀን "&ጂ2&" ዓ.ም.")

ኢንተር ሲጫኑ ሁለቱ ነገሮች በአንድ መስመር ላይ ተጣብቀው ቢታዩ ፎርሙላው ተሳስቷል ብለው አያፍርሱት። ኤክሴል መስመሩን የሚሰብረው «ሆም» በሚለው ሜኑ ላይ ያለው «ራፕ ቴክስት» ሲበራ ነው። ሴሉን ይምረጡና ይጫኑት፤ ወዲያው «1,250.00 ብር» ከላይ፣ «ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.» ከታች ይሆናል። የረድፉ ቁመት ቀድሞ በእጅ ተለክቶ ከነበረ አይሰፋም፤ በግራ በኩል ካለው የረድፍ ቁጥር ሥር ያለውን መስመር ሁለት ጊዜ ክሊክ ያድርጉት፣ ልኩን ራሱ ያገኛል። ከዚያም የሴሉን የታችኛ ቀኝ ጥግ ይዘው እስከ መጨረሻው አባል ድረስ ይጎትቱት።

ያለ ፎርሙላ፣ በእጅ በተጻፈ ጽሑፍ ላይ ሁለተኛ መስመር መጀመር ሲያስፈልግ፣ ለምሳሌ በርእስ ረድፍ ላይ፣ ኦልትን ይዞ ኢንተር መጫን ብቻ ይበቃል። በማክ ኮንትሮል፣ ኦፕሽንና ሪተርን አብረው ይጫናሉ፤ በሊብረኦፊስ ደግሞ ኮንትሮልና ኢንተር ነው። ይህን መንገድ ለርእስና ለማስታወሻ እንጂ ለሚደመር ነገር አይጠቀሙበት።

ቁጥሩ ቁጥር ሆኖ እንዲቆይ ሲፈለግ

እስካሁን የሠራነው የአይና የጄ ዓምድ ውጤት ጽሑፍ ነው፤ አይደመርም፤ መደመርም የለበትም፤ ድምሩ የሚሠራው በኤች ዓምድ ላይ ነው። ከቁጥሩ አጠገብ ቋሚ ቃል ብቻ እንዲታይ ሲፈለግ ግን ፎርሙላ አያስፈልግም፤ ከዚህ የተሻለ መንገድ አለ፤ ብዙ ሰው ሳያውቀው መቅረቱ የሚቆጨኝም ይህ ነው።

የኤች ዓምድን ይምረጡ፤ ኮንትሮልና 1ን አብረው ሲጫኑ «ፎርማት ሴልስ» የሚለው ሳጥን ይከፈታል። «ነምበር» በሚለው ሥር ከዝርዝሩ መጨረሻ ያለውን «ከስተም» መርጠው በ«ታይፕ» ቦታ ላይ የሚከተለውን ይጻፉ፦

#,##0.00" ብር"

አሁን ሴሉ «1,250.00 ብር» ብሎ ያሳያል፤ የያዘው ግን 1250 የተባለውን ቁጥር ብቻ ነው። ሴሉን ቢጫኑት ከላይ ባለው የፎርሙላ መስመር ላይ «ብር» የሚል ቃል አያገኙም። ድምሩም፣ አማካዩም፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ መደርደሩም እንደ ወትሮው ይሠራል።

ይኸው ፎርማት እስከ አራት ክፍል ሊኖረው ይችላል፤ ክፍሎቹ በሴሚኮለን ይለያያሉ፤ የመጀመሪያው ከዜሮ በላይ ለሆነ፣ ሁለተኛው ከዜሮ በታች ለሆነ፣ ሦስተኛው ለዜሮ፣ አራተኛው ለጽሑፍ ነው። ለእያንዳንዱ አባል ከከፈለው ላይ መክፈል የነበረበትን ቀንሶ ልዩነቱን የሚያሳይ ዓምድ ካለዎት፣ ይህን ይስጡት፦

#,##0.00" ብር ትርፍ";#,##0.00" ብር ዕዳ";"ተጠናቋል"

400 ብር የጎደለበት አባል ሴሉ -400 ይይዛል፤ የሚታየው ግን «400.00 ብር ዕዳ» ነው። እኩል የከፈለው ላይ «ተጠናቋል» ይላል። መጠኑና ሁኔታው በአንድ ሴል ታዩ፤ የመቀነስ ምልክቱን ትርጉም ለማያውቁ የእድር አባላትም ንባቡ ቀና ሆነ። ይህን ካደረግን ወዲህ «ይህቺ ሰረዝ ምንድን ናት?» እየተባልኩ የምጠየቅበት ጊዜ ቀርቷል።

ወሰኑንም ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ መንገድ ከሌላ ሴል ምንም ሊያመጣ አይችልም፤ በዚያው ሴል ያለውን ቁጥር ማልበስ ብቻ ነው። ስለዚህ ቃሉ ለሁሉም አንድ ሲሆን ፎርማቱን፣ ከረድፍ ረድፍ የሚለዋወጥ ሲሆን ፎርሙላውን ይምረጡ። ዓምዱ ከጠበበ ፎርማት የለበሰ ቁጥር በ##### ይተካል፤ ዓምዱን ሲያሰፉት ይመለሳል፤ የጠፋ ነገር የለም። የስልክ ቁጥርም በዚሁ ይድናል፤ በ09 ወይም በ07 የሚጀምረው ቁጥር ሲጻፍ ፊተኛው ዜሮ ይጠፋልና፣ 0000000000 ብለው አሥር ዜሮ በ«ከስተም» ቢጽፉ ዜሮው ይታያል። ስልክ ስለማይደመር ግን ዓምዱን ከመጻፍዎ በፊት «ቴክስት» ማድረጉ ይሻላል ባይ ነኝ።

ከብዙ ረድፍ የተሰበሰበ ዝርዝር በአንድ ሴል

አንድ አባል በዓመት 12 ጊዜ ይከፍላል፤ በእኛ መዝገብ ይህ 12 ረድፍ ነው። ለጉባኤ የሚቀርበው ወረቀት ላይ ግን አባሉ በአንድ ረድፍ እንዲገባና የከፈለባቸው ወራት በአንድ ሴል እንዲዘረዘሩ እንፈልጋለን። መዝገቡ ያለበትን ሺት «ክፍያ» ብለው ይሰይሙት፤ በሌላ ሺት ላይ በኤ ዓምድ የአባል ቁጥሮቹን ይጻፉና በቢ2 ላይ ይህን ያስገቡ፦

=ቴክስትጆይን("፣ ",ትሩ,ኢፍ('ክፍያ'!$ኤ$2:$ኤ$1000=ኤ2,'ክፍያ'!$ኢ$2:$ኢ$1000,""))

ፎርሙላው የአባሉ ቁጥር የተገኘበትን ረድፍ ሁሉ እየለየ ወሩን ይሰበስባል፤ ያልተገኘበትን ባዶ ያደርገዋል፤ «ትሩ» ደግሞ ባዶዎቹን ይዘላቸዋል። ውጤቱ «መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር» ይሆናል፤ መለያው በጥቅስ ውስጥ ስለሆነ የራሳችንን ነጠላ ሰረዝ መጠቀም እንችላለን። በ2019ኙ ኤክሴልና በጉግል ሺትስ ላይ ኢንተር ብቻ ሳይሆን ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢንተር አብረው ይጫኑ። የዶላር ምልክቶቹ ፎርሙላው ወደ ታች ሲጎተት ክልሉ እንዳይንሸራተት ስለሚይዙ አይተዉ። ፍለጋው በስም ሳይሆን በአባል ቁጥር የሆነው፣ በአንድ እድር ውስጥ በስምም በአባት ስምም የሚመሳሰሉ ሁለት ሰዎች ማግኘት የተለመደ በመሆኑ ነው፤ የአንዱ ክፍያ ለሌላው ቢቆጠር የሚመጣው ቅያሜ ቀላል አይደለም።

አንድ ሴል የሚይዘው እስከ 32,767 ፊደልና ምልክት ነው፤ ለወራት ዝርዝር ከበቂ በላይ ነው።

ለሌላ ሰው ከመላክዎ በፊት

የማሳያ ዓምዶቹ በመነሻዎቹ ላይ የቆሙ ናቸው። ወረቀቱ እንዲያምር ብለው ከቢ እስከ ኤች ያሉትን ዓምዶች ቢያጠፏቸው፣ አይና ጄ በስሕተት ምልክት ይሞላሉ። ማጥፋት ሳይሆን ዓምዶቹን መርጦ በቀኝ ክሊክ «ሃይድ» ማለት ነው። ለማተሚያ ቤት ወይም ለሌላ ኮሚቴ የሚላክ ከሆነ ደግሞ የማሳያ ዓምዶቹን ኮፒ አድርገው በሌላ ፋይል ላይ በ«ፔስት ስፔሻል» ውስጥ «ቫልዩስ» ብለው ይለጥፉ፤ ፎርሙላው ቀርቶ የሚነበበው ብቻ ይሄዳል።

ቀድሞ የተቀላቀለ መዝገብን መለያየት

እኔ እንዳደረግኩት ሁሉን በአንድ ሴል የጻፈ ሰው መዝገቡን እንደገና መጻፍ አይኖርበትም። በመጀመሪያ የፋይሉን ቅጂ ያስቀምጡ። ከተቀላቀለው ዓምድ በስተቀኝ ሦስት ባዶ ዓምድ ያስገቡ፤ አለበለዚያ የሚከፋፈለው ነገር ጎረቤት ያለውን መረጃ ይሸፍናል። ዓምዱን መርጠው «ዴታ» ከሚለው ሜኑ «ቴክስት ቱ ኮለምስ» የሚለውን ይክፈቱ፤ «ዲሊሚትድ» የሚለውን ተቀብለው ወደሚቀጥለው ይለፉ። እዚያ «ስፔስ» በሚለው ላይ ምልክት ያድርጉ፤ «አዘር» በሚለው ሳጥን ነጠላ ሰረዝ (፣) ይጻፉ፤ ተከታታይ መለያዎችን እንደ አንድ ቁጠር የሚለውንም ያብሩ። «200 ብር፣ ጥር 12» የሚለው ሴል 200፣ ብር፣ ጥር እና 12 ሆኖ በአራት ዓምድ ይደረደራል። «ብር» ያለበትን ዓምድ ያጥፉት። በኦልትና ኢንተር በሁለት መስመር የተጻፈ ከሆነ ደግሞ በ«አዘር» ሳጥን ውስጥ ኮንትሮልና ጄን አብረው ይጫኑ፤ ምንም የተጻፈ ባይመስልም መስመሩን እንደ መለያ ይቀበለዋል።

ሲጨርሱ የገንዘቡን ዓምድ ያለ ርእሱ ይምረጡና በመስኮቱ ታችኛ ጠርዝ ያለውን መስመር በቀኝ ክሊክ ከፍተው «ካውንት» እና «ኑሜሪካል ካውንት» የሚሉትን ሁለቱንም ያብሩ። የመጀመሪያው የተሞሉትን ሴሎች ሁሉ፣ ሁለተኛው ቁጥር የያዙትን ብቻ ይቆጥራል። 84 እና 84 ካሉ መዝገቡ ለድምር ዝግጁ ነው፤ 84 እና 79 ካሉ ግን አምስት ሴሎች አሁንም ጽሑፍ ናቸውና፣ ወደ ግራ ተጠግተው የቆሙትን እየፈለጉ አንድ በአንድ ያርሟቸው።